እጃቸው እስከደረሰበት

"አንተው! ምንድን ነው ይኸ ነገር?"

እንዳልካቸው ይኸን ብሎ የያዘውን አልለቀቀም። በጥፍሩ ጫፍ ቆንጥሮ የጀመረው ነገር እጁን ሞላ፣ ክንዱን አለፈ፣ ከታረደ በግ ላይ እንደሚገፈፍ ቆዳ ሸርተት እያለ ከመጋዘኑ የአርማታ እግር ላይ ወረደ። የወረደው ግራጫ ልባስ ነው። ቅዳሜ ዕለት ውበቱ በገዛ እጁ የቀባው። የፎገራ ጎርፍ ክረምቱን ሙሉ ቢልሰው ንቅንቅ አይልም ተብሎ ከባሕር ዳር የመጣው። ዛሬ ገና ሰኞ ነው፤ ጠብታ ዝናብ እንኳ አልነካውም።

ውበቱ ጠጋ ብሎ አየ።

"ያንኛውንም ሞክረው እስቲ" አሉ አያ መንግሥቴ። አያ መንግሥቴ የሩዝ አምራቾች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ማኅበሩ የዓመቱን ሩዝ ክረምቱ ሳይገባ በእንዳልካቸው አዲስ መጋዘን ሊያስቀምጥ ነውና ሁለት ሰዎች አስከትለው ሊያዩ መጥተዋል።

እንዳልካቸው ሁለተኛውን እግር ቆነጠረ። ተገፈፈ። ሦስተኛውን ቆነጠረ። ያም ልብስ የሚያወልቅ ሰው ይመስል ዘርገፍ አለ። ከሥሩ ራቁቱን የቀረው አርማታ በግንቦት ፀሐይ አብለጨለጨ።

"በስመ አብ!" አሉ አያ መንግሥቴ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው።

"ይኸማ ቀለም አይደለም፤ ካልሲ ነው" አለ በላቸው። "መጋዘኑ ካልሲውን አውልቆ ሊተኛ ነው መሰል!"

በላቸው ከሐሙሲት የመጣ ግንበኛ ነው። የመጋዘኑን እግሮች ያቆመው እሱ ሲሆን፣ ልባሱ ለውበቱ የተሰጠ ዕለት አኩርፎ ነበር። ዛሬ ማንም ሳይጠራው መጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሁለቱ የማኅበር ሰዎች ሳቁ። እንዳልካቸው አልሳቀም። የተገፈፈውን ልባስ መሬት ላይ ወርውሮ ወደ ውበቱ ዞረ።

"ማጠንከሪያውን የት አደረስኸው?"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ሁለት ዓይነት ጣሳ ነው ያመጣሁልህ። አንዱ ሙጫው፣ አንዱ ማጠንከሪያው። ማጠንከሪያው ከገባበት እንደ ብረት ይሆናል ብሎ ነጋዴው ነግሮናል። አንተም ቆመህ ሰምተሃል። ይኸ ብረት ነው?"

"ቀላቅዬዋለሁ! ጣሳዎቹ ያውና፣ ባዶአቸውን ተቀምጠዋል።"

"ባዶ ጣሳ ምን ይመሰክራል? ሸጦም ባዶ ማድረግ ይቻላል።"

ከጎንደሩ መንገድ የሚመጣው የጭነት መኪና ጥሩምባ ብቻ ተሰማ። ውበቱ በጥፊ የተመታ ይመስል ፊቱን ዳበሰ።

"እኔን ነው?" አለ። "እኔን ሌባ?"

"ቆይ እንጂ እንዳልካቸው፤ ሰው በችኮላ ሌባ አይባልም" አሉ አያ መንግሥቴ። "ውበቱ፣ ስማኝ። ከምሳ በኋላ እንመለሳለን። እስከዚያ ምክንያቱን ፈልገህ አስረዳን። ካስረዳኸን እሰየው። ካቃተህ ግን ሥራውን በላቸው ይጨርሰዋል፤ አንተንም ከወረታ እስከ አንበሳሜ ማን ሥራ እንደሚሰጥህ እኔ አላውቅም። ወሬ እንደሆነ በባጃጅ ነው የሚሄድ።"

ወጡ። በላቸው መጨረሻ ላይ ወጣ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ "ጭቃ ማቡካት መስሎህ ነው" አለው።

ሌባ ብሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሌላውን ሁሉ ብለውታል። ትምህርቱን ከሰባተኛ ክፍል ሲተው ደነዝ አሉት፤ ትምህርቱን ያስተወው ግን የአባቱ ሞት ነበር፤ እሱን ማንም አያነሣም። አገኘሁሽን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ እናትየዋ፣ እማማ ሙናዬ፣ "ልጄን ለጭቃ አቡኪ?" ብለው ጓዳ ገቡ፤ ሽማግሌዎቹ እስኪወጡ ድረስም አልተመለሱም። ቆይቶም ወንድሟ እንዳልካቸው የሩዝ ንግዱ ሞልቶለት ይኸን ትልቁን ቤት ሲሠራ፣ እያንዳንዱን ግድግዳ የለሰነው ውበቱ ነበር። የቤቱ ምረቃ ዕለት ግን አማች ተብሎ ከዘመድ ጋር አልተቀመጠም፤ በሩ ሥር ከቀን ሠራተኞቹ ጋር ነው ያስቀመጡት። ሥጋው እሱ ጋ ሲደርስ አጥንት ብቻ ቀርቶ ነበር። ዓመታት አለፉ፤ ነገሩን ሚስቱ ረሳችው፣ እንዳልካቸው እንደ ነገርም አልቆጠረው። ውበቱ ግን ያን አጥንት ዛሬም ድረስ እየጋጠው ነው።

ይኸንን ሥራም ቢሆን በፍቅር አልሰጡትም። ባለፈው ክረምት ውሃው ሜዳውን ሞልቶ ሲቆይ የአሮጌው መጋዘን እግሮች ተሰነጠቁ። አርማታ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ውሃ ይጠጣል። ውሃው በአርማታው ውስጥ ያለው የፌሮ ብረት ጋ ሲደርስ ፌሮው ይዝጋል፣ ዝገቱ ያብጣል፣ አርማታውንም ከውስጥ ፈንቅሎ ይጥለዋል። መጋዘኑ ዘመመ፤ ሩዙም ረጥቦ በቀለ። ስለዚህ አዲሱ በረጃጅም እግሮች ላይ ቆመ፤ እግሮቹም ውሃ እንዳይጠጡ ይኸ ኢፖክሲ የሚሉት ልባስ ተገዛ። እንዳልካቸው ቀቢውንም ከባሕር ዳር ሊያመጣ ነበር። አገኘሁሽ ናት ወንድሟ እግር ላይ ወድቃ "እባክህ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው አድርገው" ያለች።

ሰው አድርገው! ይኸንንም ቃል ሰምቷል፤ እሱንም አልረሳውም።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ውበቱ እግሮቹን አንድ በአንድ መዞር ጀመረ። ያጠፋው ነገር ካለ ብሎ ሥራውን በሐሳቡ ከጫፍ ጫፍ ሄደበት። ዓርብ ቀኑን ሙሉ በሽቦ ብሩሽ ፈተገ፣ አቧራውን ጠረገ፣ እድፍ በሚያለቅቀው ቲነር ወለወለ። ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ሙጫና ማጠንከሪያውን ቀላቅሎ ቀባ። ከመቅባቱ በፊት አርማታው ከታች ከታች ጠቆር ብሎ አይቶት ነበር፤ የሌሊት እርጥበት መስሎት ፀሐይ እስኪወጣ ጠበቀ፤ ፀሐይ ሲወጣ ጥቁረቱ የቀለለ መሰለው። ነጋዴው "በምትቀባበት ዕለት ራሱ በቲነር ወልውል" ብሎ ነበር። ቲነሩ ግን ዓርብ አልቋል። ትናንትና የወለወልኩት ዛሬ ምን ይሆናል ብሎ ነው ያለፈው።

አንድ ነገር ዓይኑን ያዘው። ልባሱ የተቀደደው በተገፈፉት እግሮች ሁሉ ላይ እኩል ቦታ ነው፤ በራሱ ደረት ልክ። ከዚያ በላይ ያለው አልተነካም። ሰዎቹ ከታች ስለጀመሩ ከላይ አልሞከሩትም። የኪስ ቢላውን አውጥቶ ከላይኛው ላይ ተከለ። አልገባም። ባለ በሌለ ኃይሉ ፈነቀለው። የቢላው ጫፍ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ልባሱ ግን ጭረት ብቻ ወጣበት።

ደነገጠ። አንድ ድብልቅ ነው፣ አንድ ቀን ነው፣ አንድ እጅ ነው። ከላይ ብረት፣ ከታች ካልሲ።

ጎንበስ ብሎ ራቁቱን የቀረውን አርማታ በመዳፉ ዳበሰው። አንሸራተተው። መሬት የወደቀውን ልባስ አንሥቶ ገለበጠው። በውስጠኛው በኩል ከላይ ወደ ታች የወረደ የጣቶች ሰንበር አለበት፤ ሰው ሆን ብሎ ያበሰው። ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

ቅቤ ነው። ለጋ ቅቤ።

"ኧረ የአምላክ ያለህ!" አለ ብቻውን። ባዶ ጣሳ ላይ ተቀመጠ።

አገኘሁሽ ከቤት ስትመጣ እዚያው አገኘችው።

"ምን ሆንህ? ፊትህ አመድ መስሏል።"

"አሽትቺው።"

አሸተተችና ቀና ብላ አየችው። "ቅቤ ቅቤ ይላል።"

"ቅቤ ነዋ! ቅቤ ላይ የተቀባ ነገር አይይዝም። ሠራልኝ አገኘሁሽ፤ ዓርብ አጽድቼ ስሄድ ጠብቆ ቀባብኝ።"

"ማን?"

"ማን ይሆናል? በላቸው ነዋ! ልባሱ ለምን ለእኔ አልተሰጠም ብሎ ሲቃጠል አልነበር? ዛሬስ ማን ጠርቶት መጣ? ሲላጥ ሊያይ ነው የመጣው!"

"በላቸው ቅቤ ከየት ያመጣል? ሽሮውን እንኳ በውሃ የሚበላ ላጤ።"

"ይገዛዋ! ገበያ ሞልቶ!"

"ለአንተ ክፋት ብሎ ቅቤ የሚገዛ ሰው አልታየኝም" አለች። ከዚያ እግሮቹን በተራ አየች። "ደግሞስ በላቸው ከአንተ ይረዝማል። ክፉ ሊሠራብህ ከመጣ ከደረትህ ላይ ምን አስቆመው?"

"አንቺ ደግሞ የወንድምሽ ጠበቃ መሆንሽ ሳያንስ የበላቸውም ሆንሽ! ሲመለሱ በሁሉም ፊት ነው የምናገረው። እዚሁ አንገቱን ይዤ ነው የማናዝዘው!"

"ሳታውቅ ሰው እንዳትወነጅል፤ አንተ ላይ እንደሆነው።" ነጠላዋን አስተካከለች። "ና ይልቅ፣ እማማ እየጠራችህ ነው። ጩኸቱን ሰምታ እህል አልቀመሰችም።"

እማማ ሙናዬ የሚኖሩት በልጃቸው ግቢ ውስጥ፣ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ነው። ውበቱ በእግሩ ገብቶባት አያውቅም ማለት ይቻላል፤ በዓል ሲሆን ደጃፏ ላይ ቆሞ እንኳን አደረሰዎ ብሎ ነው የሚመለስ። ዛሬም ገብቶ በሩ ሥር ያለችው በርጩማ ላይ ቁጢጥ አለ።

"እዚያ አይደለም" አሉት። "ወዲህ፣ መደቡ ላይ።"

የሰማው ነገር እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ሚስቱን አያት። እሷም ገርሟታል። ተነሥቶ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እማማ ሙናዬ ትንሽ ሴት ናቸው፤ በዕድሜ ብዛት ደግሞ የበለጠ ተኮማትረዋል፤ ክንዳቸውም ከትከሻቸው በላይ አይነሣም። ከመስኮቱ ሥር ሆነው ውጭ ውጭውን ያያሉ።

"ምን ሆነ ነው የሚሉት? እንዳልካቸው ሲጮህ ሰማሁ።"

"ልባሱ ተላጠ፣ እማማ።"

"ተላጠ?" አሉና ፊታቸውን ወደሱ መለሱ። "እንዴት ሆኖ? እኔ እኮ ቀብቼልህ ነበር!"

ውበቱ ከመደቡ ብድግ አለ። ከበሩ ላይ አገኘሁሽ አፏን በእጇ ያዘች።

"ምን... ምን አሉኝ?"

"ቅቤ ነዋ። ቅዳሜ ማለዳ፣ ገና ሳትመጣ።" ነገሩ ለእሳቸው ደስ የሚያሰኝ ስለሆነ ድምፃቸው ለስለስ አለ። "ዓርብ ዕለት በዚህች መስኮት ሳይህ ዋልኩ። ሌላ የሚታይ ምን አለኝ? እያንዳንዱን እግር ስትፈትግ፣ ስትጠርግ፣ ደግሞ መልሰህ በመዳፍህ ስትዳብስ። ሕፃን የምታጥብ ነው የምትመስል። ይኸን ሰው ይኸን ሁሉ ዘመን ሳላየው ኖርሁ እንዴ አልኩ። ተናድጄ ነበር ያን ጊዜ፣ ሽማግሌ ስትልክ። ከአፌ የወጣውን ታውቀዋለህ።"

ውበቱ ያውቀዋል።

"እንዳልካቸው እንደሆነ ወግ አያውቅ። እናቴ አዲስ ቤት ሲቆም ምሰሶውን ቅቤ ሳትቀባ ሰው አታስገባም ነበር። ይኸ የናንተው ምሰሶው በደጅ ነው፤ ደግሞ ብዛቱ! ያለችኝን ቅቤ ይዤ ወጣሁና ሁሉንም ቀባሁልህ፣ ከታች ጀምሬ እጄ እስከደረሰበት። ስምህን እየጠራሁ። የውበቱን እጅ ባርክለት እያልኩ።" ቆም ብለው በሐሳብ ግንባራቸውን አጨማደዱ። "አንሶ ይሆን እንዴ ቅቤው?"

ውበቱ እጃቸውን አየ። በሕይወቱ ማንም ያልመረቀውን ሰው የመረቁት እኚህ ሴት ናቸው፤ ምርቃታቸው ደግሞ ሌባ አስብሎታል። ለማን ይነገራል እንዲህ ያለ ነገር? ጠላት ፈልጎ ነበር። ጠላት ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ጠላት ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

"አላነሰም፣ እማማ" አለ በመጨረሻ። "በቅቷል።"

ውጭ ሲወጡ አገኘሁሽ እጁን ያዘችው። እያለቀሰች ነበር።

"ንገራቸው" አለች። "ምን ታደርግ፤ ስምህ ነው። ንገራቸው።"

"ወንድምሽን አታውቂውም?"

ታውቀዋለች። አምና እማማ ሙናዬ አንድ ጆንያ ሩዝ ዝናብ ላይ ረስተው ቢያስመቱበት፣ እናቱ መሆናቸውን ረስቶ በደንበኞቹ ፊት "እርስዎ ዕቃ አይንኩብኝ! ቁጭ ብለው ይጦሩ!" ብሎ የጮኸባቸው ለታ፣ ከክፍላቸው መውጣት ትተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ማለዳ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የግቢውን ዕቃ የነኩት።

ከምሳ በኋላ አያ መንግሥቴ በቃላቸው መሠረት ተመለሱ። ሁለቱ ሰዎችም አሉ፤ በላቸውም ቦታውን ሊረከብ የሽቦ ብሩሹን ይዞ መጥቷል። እንዳልካቸው ክንዱን አጣጥፎ ቆመ።

"እህ፣ አገኘኸው?" አሉ አያ መንግሥቴ።

ውበቱ የተሰበረ ቢላውን አቀበላቸው። "እስቲ ከላይኛው ላይ ይሞክሩት፣ አያ። ከዚህ መስመር በላይ።"

ሞከሩ። ሁለቱም ሰዎች ተራ በተራ ሞከሩ። እንዳልካቸው ቢላውን ቀምቶ ሞከረ፤ ላቡ ወረደ እንጂ የተላጠ ነገር የለም።

"ማጠንከሪያው ባይገባ ይኸም በተላጠ ነበር" አለ ውበቱ። "ከአንድ ድብልቅ ነው የቀባሁት።"

"እውነቱን ነው" አሉ አያ መንግሥቴ። "ይኸ ብረት ነው። ታዲያ ከታች ያለው ምን ነካው?"

"ከሥሩ ቅቤ አለበት።"

"ቅቤ?!"

ሁሉም አንድ ላይ ነው የጮኹት። አያ መንግሥቴ ልባሱን አንሥተው አሸተቱና ከጎናቸው ለቆመው ሰው ሰጡት፤ እሱም አሽትቶ አማተበ። በላቸው አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ፊቱን ላየው ሰው ምንም እንደማያውቅ ግልጽ ነበር። ውበቱም አየው፤ ሊያንቀው የነበረውን አንገት አየው።

ከሰዎቹ ጀርባ የክፍሏ በር ተከፍቶ ነበር። እማማ ሙናዬ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ሰምተዋል። መጀመሪያ ያልገባቸው መሰሉ። ከዚያ የተላጡትን እግሮች አዩ፣ መሬት የተከመረውን ልባስ አዩ፣ እጃቸውን አንሥተው አዩት። ፊታቸው ላይ የወጣውን ድንጋጤ ያየው ከውበቱ ሌላ ማንም የለም።

"ማነው አርማታ ቅቤ የቀባ?" አለ እንዳልካቸው፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። "ማነው በንብረቴ የተጫወተ? ዛሬ ሳላውቅ አላድርም!"

እማማ ሙናዬ የበሩን ደፍ ተሻገሩ። "እኔ..."

"እኔ ነኝ" አለ ውበቱ፣ ከእሳቸው ድምፅ በላይ ጮክ ብሎ። "እኔ ነኝ የቀባሁት።"

"አንተ?"

"እኔ። ወጉ ነው፤ አዲስ ቤት ሲቆም ምሰሶው ቅቤ ይቀባል። ልባሱን እንደማያስይዘው አላሰብኩም።"

ሳቁ ፈነዳ። አንደኛው የማኅበር ሰው ሆዱን ይዞ ተንበረከከ። በላቸው የሽቦ ብሩሹን ጣለው።

"አርማታ ቅቤ ሲቀባ! ሹሩባስ ሠርተህለታል?" አለ።

"ነጠላም አልብሰው እንጂ፤ ብርድ እንዳይመታው!" አለ ሁለተኛው የማኅበር ሰው።

"ግንበኛ ነኝ ይላል ደግሞ!" አለ እንዳልካቸው። ቁጣው የሚገባበት ጠፍቶት እሱም ሳቀ፤ ግን ፊቱ ገና እንደጠቆረ ነው። "ይኸን ለማን እናገራለሁ? ማን ያምነኛል? አገኘሁሽ፣ ይኸን ነው ሰው አድርገው ያልሽኝ?"

አያ መንግሥቴ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። "በል ተወው እንዳልካቸው። ጅል እንጂ ሌባስ አይደለም። ሌላ ልባስ አምጣለትና የቅቤውን ቦታ ፍቆ እንደገና ይቀባው። እኛም ሲይዝ እናያለን፤ ከያዘ ሩዛችን ይገባል።"

ውበቱ አንገቱን አልደፋም። የሳቁትን ሁሉ በየፊታቸው አያቸው፤ አንድም አላመለጠው። እስከ ማታ ነገሩ ወረታ መናኸሪያ እንደሚደርስ ያውቃል፤ ነገ ሐሙሲት፣ ከነገ ወዲያ አንበሳሜ። የባጃጅ ሾፌሮች ከሩቅ "ቅቤው!" ብለው ይጠሩታል። ልጅ ቢወልድ ልጁን የቅቤው ልጅ ይሉታል። ጭቃ አቡኪ መባልን ለዓመታት አልረሳም፤ ይኸንንማ እንዴት ይረሳል? ይኸኛውን ግን ማንም አልሰጠውም። በራሱ እጅ ነው ያነሣው።

እማማ ሙናዬ እንደቆሙ ናቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም። አንድ እርምጃ ወደሱ መጡ።

"ውበቱ..."

"እማማ፣ ፀሐይ ላይ አይቁሙ" አላቸው። "አገኘሁሽ፣ አስገቢያቸው። እህል ይቅመሱ፤ ጠዋት ምንም አልቀመሱም።"

ውበቱ በላቸው የጣለውን የሽቦ ብሩሽ ከመሬት አነሣ። በላቸው ገና እየሳቀ ነበርና አልከለከለውም። ወደ መጀመሪያው እግር ሄደ፤ ብሩሹን እማማ ሙናዬ እጃቸው እስከደረሰበት ከፍ አደረገና ከዚያ ወደ ታች መፈተግ ጀመረ።